ንቅለ ተከላው ከወገብ ሕመም ይጀምራል

የዘንዘልማ ገበሬ ወገቡን ሲያመው የሚያሳብበው በሥራው ነው። ሲያርስና ሲያጭድ የኖረ ሰው ወገቡን ቢያመው ማን ይደነግጣል? ዳይክሎፌናክ የተባለውን ማስታገሻ ይገዛል፤ ሲሻለው ወደ ማሳው ይመለሳል፤ ሲብስበት ደግሞ ይገዛል። አብዛኛው የወገብ ሕመም በእርግጥም ከድካም ነው። ለሳምንታት አልለቅ ካለ፣ ሰውየውም እየገረጣና እየከሳ ከሄደ ግን መልቲፕል ማይሎማ የተባለው የመቅኒ ካንሰር ሊሆን ይችላል። የዚህ በሽታ ስም ሲነሳ ቤተሰብ የሚጠይቀው ስለ ግንደ ሕዋስ ንቅለ ተከላና ስለ ሕንድ ሆስፒታሎች ነው። እኔ ግን የንቅለ ተከላው ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው ማስታገሻው በሚገዛበት ሰሞን ነው እላለሁ። ምክንያቱ ኩላሊት ነው።

ማይሎማ የያዛቸው የመቅኒ ሴሎች የማይረባ ፕሮቲን ወደ ደም ይለቃሉ። ላይት ቼይን የሚባለው የዚህ ፕሮቲን ቁራጭ ትንሽ ስለሆነ የኩላሊትን ማጣሪያ አልፎ ይገባል፤ በቀጫጭኖቹ ቱቦዎች ውስጥ ኩላሊት ራሱ ከሚያመነጨው ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ይጠጥርና ይደፍናቸዋል። ከተጎዳው አጥንት የሚወጣው ካልሲየም ሽንት እያበዛ ሰውነትን ያደርቃል። ዳይክሎፌናክ ደግሞ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳል።

የራስን ግንደ ሕዋስ መልሶ መስጠት ከተለመደው ኬሞቴራፒ የተሻለ ዕድሜ እንደሚያስገኝ እ.ኤ.አ. በ1996 የፈረንሳይ ሐኪሞች በ200 ሕሙማን ላይ አሳይተዋል። ሕዋሱ ከሕመምተኛው ደም ተለቅሞ ይቀመጣል፤ ሜልፋላን የተባለው ብርቱ መድኃኒት መቅኒውን ይጠርጋል፤ ከዚያ ሕዋሱ ይመለሳል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ለዚህ አይሆንም ይባል ነበር። ዛሬ ግን የሜልፋላኑ መጠን በካሬ ሜትር ከ200 ወደ 140 ሚሊግራም ዝቅ ተደርጎ ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2013 የተተከለላቸውን 1,492 ሰዎች የመረመረ ጥናትም ኩላሊታቸው ጤነኛ በሆነውና በደከመው መካከል በሕይወት በመቆየት ረገድ ጎልቶ የሚታይ ልዩነት አላገኘም። ይህ ትልቅ የምሥራች ነው፤ ኩላሊቱ ደክሟል ብሎ በር መዝጋት ከእንግዲህ አያስኬድም።

ሆኖም ከነዚያ ሰዎች መካከል ኩላሊታቸው ክፉኛ የተጎዳው 67 ብቻ ነበሩ። በሽታው ሲታወቅ ከአምስቱ ሕሙማን ቢያንስ የአንዱ ኩላሊት ተነክቶ ይገኛል። የቀሩት የት ሄዱ? ከፊሉ በመድኃኒት አገግመዋል፤ ከፊሉ ግን ከንቅለ ተከላው ደጃፍ አልደረሱም። ጥናቱ የሚነግረን ስለ ደረሱት ነው። እኛ ዘንድ የሚያስጨንቀው መንገድ ላይ የሚቀረው ነው።

ወገቡን የሚያመው፣ የከሳና ኢኤስአር የተባለው የደም ምርመራ ውጤቱ ከፍ ያለ ሰው ሲመጣ ሐኪም አስቀድሞ የሚጠረጥረው የአከርካሪ ቲቢ ነው። ቲቢ በበዛበት አገር አይፈረድበትም። ነገር ግን ማይሎማም ኢኤስአርን ያንራል። የሽንት መመርመሪያዋ ስትሪፕ በዋናነት የምታየው አልቡሚንን ስለሆነ ላይት ቼይንን ትስታለች፤ «ሽንትህ ደህና ነው» ተብሎ የተሸኘ ሰው ኩላሊቱ እየተደፈነ ሊሆን ይችላል። ሽንቱ ላይ ሰልፎሳሊሲሊክ አሲድ ጠብ ቢደረግ ግን ፕሮቲኑ ነጭ ሆኖ ይደፈርሳል። ይህ ርካሽ ምርመራ ከሄሞግሎቢንና የኩላሊትን ሥራ ከሚያሳየው ከክሬያቲኒን ጋር ቢታዘዝ፣ ሕመምተኛው ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚላከው ሳይረፍድ ነው።

ንቅለ ተከላውም ቢሆን ለእኛ የማይደረስበት አይመስለኝም። ዓይነቱ ቢለይም አገራችን ለንቅለ ተከላ እንግዳ አይደለችም፤ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። በሜክሲኮና በሕንድ ደግሞ የተለቀመውን ግንደ ሕዋስ በረዶ ሳያደርጉት ለጥቂት ቀናት ማቀዝቀዣ ውስጥ አቆይተው የሚመልሱ ሐኪሞች አሉ፤ ውድ የናይትሮጅን ማከማቻ አያስፈልጋቸውም።

እስከዚያው ግን ቦርቴዞሚብ የተባለው የማይሎማ መድኃኒት በየክልሉ ሪፈራል ሆስፒታል እንዲገኝ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ሰውነት የሚያስወግደው በጉበት ስለሆነ ኩላሊት ቢደክምም መጠኑ አይቀነስም፤ ከዴክሳሜታዞን ጋር በጊዜ ከተጀመረ ዳያሊስስ ላይ ያለውን እንኳ ከማሽኑ ሊያላቅቅ ይችላል። ውኃም መድኃኒት ነው፤ ሽንቱ የሚወርድለት ሕመምተኛ በቀን እስከ ሦስት ሊትር እንዲጠጣ ይመከራል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ ሳይቀምስ የሚውል ምእመን ይህን በራሱ አይደፍረውም፤ ሐኪሙ የንስሐ አባቱን አስጠርቶ ያስረዳቸው፤ ጠጣ የሚሉት እሳቸው ይሁኑ።