ቁስል አይዋሽም፤ ጣት ግን ይዋሻል

በአሲድ ጥቃት ላይ ጠንከር ያለ ሕግ ይውጣ በተባለ ቁጥር አንድ መልስ ከኋላው ይመጣል፦ «በሐሰት የሚከሰሰውስ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። በሐሰት ታስሮ የሚበሰብስ ሰው አለና። የሚያስቆጣው ጥያቄው የሚነሳበት ቦታ ነው። ስለ መሬት ክርክር፣ ስለ ስርቆት፣ ስለ ፖለቲካ ጥቆማ ሲወራ ዝም ያለ ሰው፣ ፊቷ የተቃጠለ ሴት ስትነሳ ብቻ የንጹሐን ጠበቃ ይሆናል።

እስቲ ግራናን ውሰዱ። የሐብሩ ወረዳዋ ግራና፣ ስሟ ከቆቦ ግራና ሸለቆ ልማት ጋር የሚነሳው፣ ሽንኩርቱና ጤፉ የሚጫንባት ግራና። እዚያ አሲድ ማግኘት ምን ያህል ይከብዳል? ባጃጅ ባለበት ባትሪ አለ፤ ባትሪ ባለበት አሲድ አለ። የሚገዛውን ሰው «ለምን ፈለግከው? ስምህ ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። አንዲት ልጅ «አላገባህም» ብትል፣ ወይም ፍቺ ጠይቃ እናቷ ቤት ብትገባ፣ ያኮረፈው ሰው በጥቂት ብር መሣሪያውን ይሸምታል።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ደግሞ አስቡት። ከግራና መርሳ፣ ከመርሳ ወልድያ፣ ከወልድያ ደሴ፣ ከዚያም ዕድል ከቀናት አዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍል። መንገዱ በሰላም ቀን እንኳ ረጅም ነው፤ ተኩስ ሲኖር ጭራሽ ይዘጋል። (እግረ መንገድ፦ አሲድ የነካው ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ውሃ ነው፤ ልብሱን አውልቆ፣ ሳያቋርጡ፣ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ንጹህ ውሃ ማፍሰስ። ቅቤና ማር መቀባት ጉዳቱን ያብሳል። ይህን የቀበሌው ሰው ሁሉ ቢያውቀው ከማንኛውም አዋጅ ቀድሞ ዓይን ያድናል።)

አሁን ወደ ሕጉ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ አሲድን በስሙ ጠርቶ የሚቀጣ አንቀጽ የለውም። ዓቃቤ ሕግ ፊት ሁለት በር አለ። አንዱ አንቀጽ 555፣ ከባድ የአካል ጉዳት ነው። የሰውን መልክ በከባድና በግልጽ ሁኔታ ማበላሸት እዚህ ውስጥ ይገባል። ቅጣቱ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል፤ እንደ ነገሩ ሁኔታ ግን ከአንድ ዓመት ወደማያንስ ቀላል እስራትም ይወርዳል። ሁለተኛው በር የአንቀጽ 539 ከባድ የግድያ ወንጀል ሙከራ ነው፤ እዚያ ዕድሜ ልክና ሞት አለ።

በሁለቱ በሮች መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? የመግደል ሐሳብ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያሳፍረው። አድራጊው «ልገድላት አልፈለግኩም፣ ሌላ ሰው እንዳያያት መልኳን ላበላሽ ነው» ካለ፣ የተናገረው ነገር ለሰሚ የሚሰቀጥጥ ነው፤ በሕጉ ዓይን ግን ከግድያ ሙከራ ወደ አካል ጉዳት የሚያወርደው መከላከያ ሆነ። ያሰበውን ክፋት በትክክል መናገሩ ጠቀመው ማለት ነው።

ውጤቱ ምን እንደሚመስል አገሩ አይቶታል። በ1999 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አንዲት ወጣት ለዓመታት ሲከታተላት በነበረ ሰው አሲድ ተደፋባት፤ እህቶቿም ተጎዱ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሞት ፈረደ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የበረራ አስተናጋጅ የነበረች ሴት ሁለት ዓይኗን በቀድሞ ባሏ ካጣች በኋላ፣ ፍርዱ 14 ዓመት ሆነ። ሁለቱም አዲስ አበባ፣ ሁለቱም በጋዜጣና በሬዲዮ የተጮኸላቸው፣ ሁለቱም ሴቲቱን ለዕድሜ ልክ ጉዳት የዳረጉ። አንዱ ሞት፣ አንዱ 14። ካሜራ የማይደርስባት የግራና ልጅ በዚህ መካከል የት ላይ ትወድቃለች?

እና የሞት ፍርዱስ ምን አመጣላት? ወጣቷን ለሕክምና ወደ ፈረንሳይ የወሰዳት የፍርዱ ወረቀት ሳይሆን የበጎ ሰው ገንዘብ ነው። በእኛ ሕግ ተጎጂ ከወንጀሉ ክስ ጋር የካሳ ጥያቄ ማቅረብ ትችላለች፤ አንቀጽ 101 ይፈቅዳል። ግን አብዛኛው ተከሳሽ ድሃ ነው፤ ከእስረኛ ምን ይወሰዳል? ሕንድ በ2013 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ባወጣችው ማሻሻያ ከ10 ዓመት የማያንስ እስራት ደነገገች፤ ከዚያ ጋር የሕክምናዋን ወጪ የሚሸፍን መቀጮ ለተጎጂዋ እንዲከፈል አዘዘች። ባንግላዴሽ በ2002 ሁለት ሕግ በአንድ ጊዜ አወጣች፤ አንዱ ወንጀሉን የሚቀጣ፣ ሌላው የአሲድን ሽያጭ በፈቃድ የሚያስተዳድር። በዚያ ዓመት ወደ 500 የሚጠጋ የነበረው ጥቃት በአሥር ዓመት ውስጥ ከመቶ በታች ወረደ። ገመድ ብቻውን ያመጣው ለውጥ አይደለም፤ የሱቅ መዝገብም አለበት።

አሁን ወደ ሐሰተኛው ክስ። የአሲድ ቁስል ተፈብርኮ አይቀርብም። የተቃጠለ ፊት፣ የጠፋ ዓይን፣ የቀለጠ ጆሮ ሐሰት ሊሆን አይችልም። ሐሰት ሊሆን የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ማን ደፋ?» ለሚለው የሚሰጠው መልስ። ጨለማ ነበር፣ ፊቱን ሸፍኖ ነበር፣ ቤተሰብ ደግሞ የቆየ ቂም አለው። ስለዚህ ንጹሕን ሰው የሚያድነው አንቀጹን ማለስለስ አይደለም። ጥፋተኛውን በ15 ፋንታ በሁለት ዓመት ብትቀጡት፣ በስህተት የተያዘው ሰው ሁለት ዓመት በነጻ ታሰረ እንጂ አልዳነም። የሚያድነው ምርመራ ነው፦ የተቃጠለው ልብስ መያዙ፣ በተያዘው ሰው እጅና ልብስ ላይ የአሲድ ጠባሳ መኖር አለመኖሩ መመዝገቡ፣ ዕቃው መገኘቱ፣ ሻጩ መጠየቁ። ያ በሱቅ የሚያዝ መዝገብ ደግሞ ለሁለቱም ነው። አድራጊውን ያጋልጣል፤ ያልገዛውንም ነጻ ያወጣል። ስለ ሐሰተኛ ክስ ከልቡ የሚጨነቅ ሰው ለዚህ መዝገብ ቀድሞ መጮህ ነበረበት።

የሐሰት ክስ ራሱ ወንጀል መሆኑን የሚረሳም ብዙ ነው። አንቀጽ 447 ንጹሕ መሆኑን እያወቀ ሌላውን የወነጀለን ሰው ይቀጣል፤ አንቀጽ 453 ሐሰተኛ ምስክርን ይቀጣል። ቁልፏ ቃል «እያወቀ» ናት። ተሳስታ የጠቆመች ተጎጂ ወንጀለኛ አይደለችም። ማስረጃ ስላነሰ ተከሳሹ ነጻ ተባለ ማለትም ከሳሿ ዋሸች ማለት አይደለም። ይህችን ልዩነት ሆን ብሎ የሚያደባልቅ ሰው፣ ቀጥላ የምትመጣዋን ሴት አፏን እየዘጋ ነው።

ደግሞም በሐሰት መወንጀልን ይህ አገር ከሴቶች አልተማረውም። ሌባሻይ ነበር፤ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። አፈርሳታ ነበር፤ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ስም እስኪወጣ አይበተንም ነበር። ዛሬስ? ከጦርነቱ ወዲህ በጥቆማ መያዝ ለሰሜን ወሎ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ወልድያ በ2014 ዓ.ም. ከወራት ወረራ በኋላ ነጻ ስትወጣ «እገሌ መንገድ መርቷል» መባባል ነበር። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ መያዝ ተፈቀደ። «ስንቅ አቀብሏል» የሚል አንድ ሹክሹክታ አባወራን ከቤቱ ለማስወጣት ሲበቃ፣ ስለ 48 ሰዓትና ስለ ንጹሕነት ግምት የጻፈ ስንቱ ነው?

ሌላው ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም የማይናገረው ነገር ሽምግልና ነው። ወሎ አበጋር አለው፤ ደም ያደርቃል፣ ሁለት ጎሳ ያስታርቃል፣ መንግሥት ያቃተውን ይፈጽማል። ክብሩ ይጠበቅ። ነገር ግን የልጅቷን ፊት በከብትና በብር ተምኖ «ነገሩ እዚህ ይብቃ» ሲባል፣ ያ ዕርቅ በማን ፈቃድ ነው? ከባድ የአካል ጉዳት በግል አቤቱታ ብቻ የሚቀጥል ክስ አይደለም፤ ቤተሰብ ይቅር ስላለ አይዘጋም። በተግባር ግን ምስክሮቹ ከዕርቁ በኋላ «አላየሁም» ይላሉ፣ መዝገቡ ወልድያ ላይ ይቋረጣል። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ወሬ ደግሞ «በሐሰት ከስሳው ነበር» የሚል ነው። ዕርቁን የፈጸሙት አባቶች ራሳቸው ይህን ሲሰሙ ዝም ይላሉ። ምስክሮችን የሚጠብቅ አዋጅ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ሐብሩ ውስጥ እንዳለ የሰማ ገበሬ ግን ፈልጎ ማግኘት ነው።

አሲድን በስሙ የሚጠራ አንቀጽ ያስፈልጋል፤ መልክ ማበላሸትን ራሱን ሐሳብ አድርጎ የሚቀጣ፣ የአንድ ዓመቱን ቀዳዳ የሚዘጋ፣ የሕክምናን ወጪ መንግሥት ቀድሞ ከፍሎ ከአጥፊው እንዲያስመልስ የሚያደርግ። እሱ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሥራ ነው፤ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ግን መርሳና ግራና ላይ የባትሪ አሲድ የሚሸጡትን ሱቆች ሰብስቦ፣ የገዢውን ስም፣ ቀኑንና መጠኑን የሚጽፉበት አንድ ደብተር እንዲይዙ ለማዘዝ ማንንም መጠበቅ የለበትም።