ዱካክ የወኔ ጉዳይ አይደለም

«ጫት ማቆም ምን ይከብዳል? ወኔ ነው የሚያስፈልገው!» የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያወሩት ስለ ቀኑ ነው። የቀኑ ሐራራ፣ ማዛጋትና ድብርት እንደምንም ይገፋል። ብዙዎችን ወደ በርጫው የሚመልሳቸው ሌሊቱ ነው። ቃሚዎች ስም አውጥተውለታል፤ ዱካክ ይሉታል።

ዱካክ የመጣበት ሰው ሲታነቅ፣ ከገደል ሲወረወር፣ የማያውቀው ነገር ሲያሳድደው ያድራል። ጠዋት ሲናገር ጓደኞቹ ይስቁና ምክር ይሰጡታል፦ «ትንሽ ቃምና ይለቅሃል»። ይቅማል፤ በእርግጥም ይለቀዋል። ከዚያ በኋላ ጫቱ መድኃኒት፣ ማቆሙ ደግሞ በሽታ ሆኖ ይታየዋል። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው።

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ነው። እንዲህ ያሉ አነቃቂዎች እንቅልፍ መከልከል ብቻ ሳይሆን፣ ዓይን እንደተከደነ የሚርገበገብበትንና ደማቅ ሕልም የሚታይበትን የእንቅልፍ ክፍል ያሳጥራሉ። ሲቋረጡ አንጎል የቀረበትን ማካካስ ይጀምራል፤ ሕልሙ ይበዛል፣ ይደምቃል፣ ያስፈራል። ስለዚህ ዱካክ የተጠራቀመ የእንቅልፍ ዕዳ ሲከፈል የሚሰማ ጩኸት ነው። መልሶ መቃም ዕዳውን ለነገ ማሸጋገር ነው።

ምርቃና ለመስበር የሚጠጣው ጨብሲም መላ አይሆንም። አልኮል በሌሊቱ መጀመሪያ ሕልምን ያፍናል፤ ወደ ንጋት ሲበርድ የታፈነው ገንፍሎ ይወጣል።

ታዲያ ምን ይሻላል? መጀመሪያ፣ ሊያቆም የተነሳ ሰው ዱካክ ሊመጣበት እንደሚችልና አብዛኛውን ጊዜ እያደር እንደሚያልፍ አስቀድሞ ይነገረው። የሚያውቁት ጠላት ያን ያህል አያሸብርም። በአንዴ መተው ያቃተው መጠኑንና ቀኑን ደረጃ በደረጃ ይቀንስ። የመኝታና የመነሻ ሰዓቱን አይቀያይር።

ለተደጋጋሚ ቅዠት ባለሙያዎች የሚመክሩት ሌላ ዘዴ አለ፤ የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚም በ2018 (እ.ኤ.አ.) ከሚመከሩት አስቀምጦታል። ሰውዬው ቅዠቱን በቀን ብርሃን ይጽፈዋል፤ ታሪኩን እንደፈለገ ይለውጠዋል። አሳዳጁ ይቀመጥ፣ ገደሉ ሜዳ ይሁን። ከዚያ አዲሱን ታሪክ ነቅቶ ሳለ በየቀኑ ለ10 ወይም ለ20 ደቂቃ በዓይነ ሕሊናው ይደጋግመዋል። ብርና መድኃኒት አይጠይቅም።

ጸሎቱ፣ ጠበሉ፣ ዱዓውም ይቀጥል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ጫቱ ከቆመ ከሳምንታት በኋላም ቅዠቱ ካልለቀቀ፣ ወይም የጦርነትና የጥቃት ትዝታ ይዞ የሚመላለስ ከሆነ ግን የአእምሮ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል።

ነገሩ የአንድ ሰው መኝታ ቤት ጉዳይም አይደለም። ዱካክ ፈርቶ ሲገላበጥ ያነጋ ሹፌር ጠዋት መሪ ይጨብጣል፤ ከኋላው የተሳፈረው ሕዝብ ግን ስለ ሌሊቱ የሚያውቀው ነገር የለም። ሊያቆም የሚታገል ልጅ፣ ባል ወይም ጓደኛ ያለው ሰው ሌሊት ሲጮህ ቢሰማው አይሳቅበት። ያ ጩኸት ማቆሙ እንዳልተሳካለት ምልክት አይደለም፤ በእርግጥ እያቆመ መሆኑን የሚያሳይ ነው።