ናፍጣ የሚጠጣው ዘፋኝ

ክርክሩ የተነሳው ጣርማ በር ላይ ነው። ጥር 2011 ዓ.ም. ለአክስቴ ልጅ ሠርግ ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ እየወጣን ነበር። ሚኒባሱ ጢም ብሏል፣ ውጪው ጉም ነው፣ መስኮት የሚከፍት የለም። ጓደኛዬ ስልኩን ከመኪናው ቴፕ ጋር አገናኘና የጃኖ ባንድን «ኤርታሌ» ለቀቀው። ጊታሩ ማጓራት ሲጀምር ከኋላ የተቀመጠው የአጎቴ ልጅ፣ «ኧረ ይሄን ጩኸት አንሱልኝ፣ ሠርግ እየሄድን እኮ ነው! ሮፍናንን ክፈቱ!» አለ። ፊት ወንበር ላይ በርኖሳቸውን ተከናንበው የተቀመጡት አጎቴ ደግሞ ዞር ብለው፣ «ሁለታችሁም ዝም በሉ። ጥሩምባና ሳክስፎኑ ከወጣ ወዲህ ሙዚቃ የሚባል ነገር የለም» አሉ።

በቃ። ሞላሌ እስክንደርስ ሌላ ወሬ አልነበረም።

እኔ ያን ቀን ከጓደኛዬ ወገን ነበርኩ። ጃኖዎች እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካዊው ፕሮዲውሰር በቢል ላዝዌል የተሠራውን «ኤርታሌ»ን ሲያወጡ፣ እኛ ሮክ ወዳዶች የራሳችን ሰው ያገኘን ነበር የመሰለን። እስከዚያ ድረስ «የፈረንጅ ጩኸት» እየተባልን በጆሮ ማዳመጫ ተደብቀን የምንሰማው ነገር በአማርኛ፣ በገዛ ቅኝታችን መጣ። ስሙ ራሱ ጃኖ! ባለ ቀይ ጥለቱ የአባቶቻችን ልብስ። እና እ.ኤ.አ. በ2018 «ለራስህ ነው» ሲወጣ ጓደኛዬ አኮረፈ። «ለሰለሱ፣ ለጭፈራ ብለው ጣሉን» ይላል እስከ ዛሬ። እኔም ግማሽ ልቤ ከሱ ጋር ነበር፤ የከዱኝ ያህል ነበር የተሰማኝ። አሁን መልሼ ስሰማው ግን ፍርዱ በዝቶባቸዋል እላለሁ። የተቀየረው ባንዱ ብቻ አልነበረም፣ እኛም ሃያዎቹን ጨርሰን ነበር።

መኪናው ውስጥ ያልታየኝ ነገር በኋላ ነው የታየኝ። ሦስቱም ሰዎች የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ «ሙዚቃ የተበላሸው እኔ ጎረምሳ ከነበርኩበት ጊዜ በኋላ ነው።» ልዩነታቸው የልደት ዘመናቸው ላይ ነው።

እስቲ አጎቴ «የኛ» የሚሉትን ጥሩምባ እንውሰድ። እሱስ ከየት መጣ? በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከሙዚቃ መሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ገቡ። ዛሬም ድረስ «አርባ ልጆች» ነው የምንላቸው። ከዚያ በኋላ ነው የነሐስ ሙዚቃ በቤተ መንግሥት፣ ቆይቶም በክቡር ዘበኛና በፖሊስ ሠራዊት፣ በቴአትር ቤቶቻችን ሥር የሰደደው። ያኔ አንድ የመንዝ ሽማግሌ ተጠይቆ ቢሆን «ይሄ የፈረንጅ ቀንድ እምቢልታችንን ሊያጠፋው ነው» የሚል ይመስለኛል። የልጅ ልጁ ዛሬ ያንኑ «የፈረንጅ ቀንድ» ናፍቆ ያለቅሳል።

አሁን ወደ ራሳችን ሰው ልምጣ። ጋሽ ኃይሉ መርጊያ ደብረ ብርሃን ነው የተወለዱት። አኮርዲዮን ተምረው፣ ከባንድ ባንድ ዞረው፣ በኋላ በአዲስ አበባ ሒልተን ሲጫወት ከነበረው ከዋልያስ ባንድ ጋር ስማቸው ገነነ። እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጡትን «ቼ በለው»ን ስሙት። ዘፋኝ የለበትም። ቤዙ ወገብ ያንቀሳቅሳል፣ ከበሮው ንጹሕ ፋንክ ነው፣ ኦርጋኑ የዘፋኙን ቦታ ወስዶ ዜማውን ያንጎራጉራል። ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን አሉበት። «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለው ቁራጭ ዛሬ በየዓለሙ ያሉ ባንዶች የሚጫወቱት ሆኗል። ያኔ ግን «ዘፋኙ የት ሄደ? ይሄ የጥቁር አሜሪካኖች ጭፈራ ምን ያደርግልናል?» ያለ ጆሮ አልነበረም ብሎ የሚከራከረኝ ካለ አላምነውም። ዘመኑ ደግሞ የደርግ ነው። ሰዓት እላፊ አለ፣ ሳንሱር አለ። ቃል በመቀስ በሚቆረጥበት ጊዜ ዜማውን ያለ ቃል መጫወት ራሱ አንድ መላ ነበር። ቃሉን እንደሆነ ሰሚው በልቡ ያውቀዋል።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ አሜሪካ ሄደ፤ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ፣ ጋሽ ኃይሉም አንዱ ነበሩ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻቸውን ስቱዲዮ ገብተው ያንኑ የድሮ አኮርዲዮናቸውን ከኪቦርድና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕደው ቀዱ። አስቡት፦ በዚያ ትልቅ ባንድ የሚታወቅ ሰው፣ ከበሮ መቺው ማሽን! የባንዱ ወዳጅ ሆኜ ያኔ ብሰማው እኔ ራሴ የማኮርፍ ይመስለኛል። ከዚያ ዓመታት አለፉ፣ ጋሽ ኃይሉ ዋሽንግተን ታክሲ እየነዱ ኖሩ። ያ ካሴት በ2013 እንደገና ሲታተም ግን እሳቸውን ወደ ዓለም መድረክ የመለሳቸው እሱ ሆነ። ማሽን አለበት፤ ትዝታውም አለበት።

ይሄ የኛ ብቻ ጣጣም አይደለም። የእንግሊዞቹ የሮክ ባንድ ኩዊን እ.ኤ.አ. በ1982 «ሆት ስፔስ» በሚባለው አልበሙ ወደ ፋንክና ዳንስ ሲዞር አድናቂዎቹ ለሁለት ተሰነጠቁ፤ ነገሩ ዛሬም ያጨቃጭቃቸዋል።

ታዲያ «ሁሉም ይሁን፣ የመጣው ሁሉ መልካም ነው» ልል ነው? አይደለም። ወደ ሠርጉ ልመለስ።

መሐል ሜዳ ስንደርስ ዳሱ ደምቋል። ኦርጋን የሚጫወት አንድ ወጣት፣ ሁለት ትላልቅ ሞንታርቦ፣ አንድ ጄኔሬተር። ድምፁ ዳሱን ያርገፈግፈዋል። ልጁ አንድ ምት ከፍቶ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አልቀየረውም። ዳሱ ጥግ ላይ አንድ አዝማሪ ማሲንቆውን በከረጢት እንደያዘ ተቀምጧል። ከጧት ጀምሮ እንዳለ ነው የነገሩኝ። ማንም አላስነሳውም። ቢነሳስ በዚያ ጩኸት ማን ይሰማዋል?

ሊመሽ ሲል ጄኔሬተሩ ሁለት ሦስቴ ተንገጫግጮ ጸጥ አለ። ወጣቱ ሁሉ «ኧረ!» አለ። አጎቴ ይሄን ቀን ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል ብድግ አሉ፣ አዝማሪውን በእጃቸው ጠሩና «ተቀበል!» አሉት፦

ናፍጣ የሚጠጣው ዘፋኝ ደከመና፣
ጠላ የሚጠጣው ቀረልን በጤና።

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። አዝማሪው ተቀብሎ አዞረው፣ ደገመው፣ የኦርጋኑን ልጅ ሳይሰድብ ነካ አደረገው። የሙሽራዋ እናት ሌላ ግጥም ሰጡ፤ ለልጃቸው ስንብት፣ ለአማቾቹ ደግሞ በሰሙ ምርቃት በወርቁ ማስጠንቀቂያ። አማቾቹ ገባቸው፣ መለሱ። ያ ሮፍናንን የጠየቀው የአጎቴ ልጅ አፉን ከፍቶ ይሰማል። ጓደኛዬም እንዲሁ።

ዋናው ነገር ግን ከዚህ ቀጥሎ የሆነው ነው። የኦርጋኑ ልጅ አልተቀየመም። ከበሮ አንስቶ መምታት ጀመረ። ጄኔሬተሩ ሲነሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቁልፎቹን እየነካካ የማሲንቆውን ድምፅ ፈለገ፣ ፈለገና አገኘው። ከታች ቤዝ አስገባለት። ማሲንቆ በፋንክ ምት! ዳሱ እንደዚያ ሲጨፍር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። አጎቴ ራሳቸው በርኖሳቸውን ጥለው ትከሻቸውን ነቀነቁ።

ለሁለት ዘፈን ያህል ቆየ። ከዚያ አንዱ «ድምፅ ጨምር!» ብሎ ጮኸ፣ ልጁም ጨመረ። የማሲንቆው ድምፅ ጠፋ። አዝማሪው ትንሽ ታገለና ማሲንቆውን ከረጢቱ ውስጥ ከቶ ወጣ። ሲወጣ ያየነው ጥቂቶች ነን።

የኔ መለኪያ ከዚያ ቀን የመጣ ነው። ምት ቢቀየር አላኮርፍም። ጥሩምባ፣ ጊታር፣ ኦርጋን፣ የከበሮ ማሽን ይምጣ። ሮክ የነበረው ፋንክ ይሁን፣ ፋንክ የነበረው ዳንስ ይሁን። የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ለመልስ ቦታ ትቷል ወይ? ሰሚው ገብቶ አንድ ነገር ሊል ይችላል ወይ? ዋልያስ ዘፋኙን ሲያስወጡ ቃሉን ለሰሚው ልብ ተዉለት። ጋሽ ኃይሉ ማሽን ሲጠቀሙ ማሽኑ የገባው ባንዱ ስለተበተነ ነው፤ ከጥግ የተቀመጠ ሰው ለማስወጣት አልነበረም። ዳሱ ውስጥ ያየሁት ግን ሌላ ነው። እዚያ ድምፁ ሲጨመር የተገፋው ሰው ነው።

የተገፋውም ዘፋኝ ብቻ አይደለም። የኛ አገር ሠርግ ላይ ግጥም ጌጥ አልነበረም። አማች ለአማች ፊት ለፊት የማይለውን የሚልበት፣ ንፉጉ የሚነካበት፣ የሞተ አባት ስም የሚነሳበት መንገድ ነው። ግጥም ተቀባይ ሲያጣ ሰጪውም ይደርቃል። አጎቴ ባለፈው ዓመት አረፉ። ስንት ግጥም ይዘው እንደሄዱ ሳስብ የሚያንገበግበኝ፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የሄዱባቸው ሠርጎች ሁሉ ላይ ጆሯቸውን ይዘው መቀመጣቸው ነው። «ተቀበል» የሚሉት ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ሠርግ ለምትደግሱ የመንዝ፣ የግሼ፣ የመርሐቤቴ ልጆች፦ ኦርጋኑን ጥሩ፣ እኔም መጥቼ እጨፍራለሁ። ግን ለአዝማሪው ከጥግ ወንበር ሳይሆን ከመሐል ሰዓት ስጡት። ምሳ እንዳለቀ አንድ ሰዓት ሞንታርቦው ይጥፋ። የሚከፈለውም ከኦርጋኑ ልጅ አይነስ። ኦርጋን ለምትጫወቱ ወንድሞቼም፦ ያ ልጅ የማሲንቆውን ድምፅ ፈልጎ እንዳገኘው እናንተም ታገኙታላችሁ። ካገኛችሁት በኋላ «ጨምር» ሲሏችሁ አትጨምሩ።

ጓደኛዬ አሁንም ጃኖ ላይ እንዳኮረፈ ነው። እኔ ትቼዋለሁ። እናንተስ፣ በቅርብ በሄዳችሁበት ሠርግ ላይ «ተቀበል» የሚል ሽማግሌ ሰማችሁ? የሰማችሁት ግጥም ካለ ከታች ጻፉልኝ፣ ሳይጠፋ።