አብራሪው ቀለም ይለይ ወይስ ቁጥር ያንብብ?

«ቀለም በትክክል የማይለይ ሰው አውሮፕላን ያብርር?» ተብለን ብንጠየቅ አብዛኞቻችን ሳናመነታ «በፍጹም!» እንላለን። ተሳፋሪዎች ነንና አይፈረድብንም። የሚያሳዝነው ግን ደንብ አውጪዎች ለዘመናት የሰጡት መልስ ከእኛ ድንጋጤ እምብዛም አለመሻሉ ነው። መልሳቸው ሁለት ጊዜ ስቷል።

የመጀመሪያው ስህተት ጭፍን ክልከላ ነው። ጃፓናዊው የዓይን ሐኪም ሺኖቡ ኢሺሃራ እ.ኤ.አ. በ1917 ያዘጋጃቸው ባለነጥብ ሥዕሎች ዛሬም የስንቱን ወጣት የበረራ ሕልም ይቆርጣሉ። ሥዕሎቹ የቀይና የአረንጓዴ ጉድለት መኖሩን በሚገባ ያጋልጣሉ፤ ጉድለቱ ሥራን ያውክ እንደሆነ ግን አይናገሩም። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ የሚጠይቀው እኮ እንከን የለሽ ዓይን ሳይሆን ለሥራው ደኅንነት የሚያስፈልጉትን ቀለማት መለየት ነው።

ሁለተኛው ስህተት ጭፍን ቸርነት ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 26 ቀን 2002፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ አንድ የፌዴክስ ቦይንግ 727 የጭነት አውሮፕላን ፍሎሪዳ፣ ታላሃሲ ውስጥ ከመንደርደሪያው ሳይደርስ ዛፎች መትቶ ወደቀ። ሦስቱም ባልደረቦች ክፉኛ ቢጎዱም ተረፉ። በመንደርደሪያው ዳር አውሮፕላኑ ከመስመሩ ዝቅ ባለ ቁጥር ከነጭ ወደ ቀይ የሚለወጡ አራት መብራቶች ነበሩ። መሪውን የያዘው ረዳት አብራሪ ግን ከባድ የቀለም እይታ ጉድለት እያለበት በልዩ ፈቃድ የሚበር ሰው ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ጉድለቱን ከአባባሽ ምክንያቶች ቆጠረው፤ ከጎኑም ድካምን፣ የበረራ ሥርዓትን አለማክበርንና የባልደረቦቹን ክትትል ማነስ ደረደረ።

ከዚህ አደጋ አንዱ ወገን «ይኸው፣ ከልክሉ!» የሚለውን ብቻ ያነባል፤ ሌላው «ድካም ነው!» የሚለውን። ሁለቱም ግማሽ ገጽ ነው ያነበቡት። ልዩ ፈቃዱ የተሰጠው ጉድለቱ በወጉ ሳይለካ ነውና ትምህርቱ አንድ ነው፦ ለኩ!

መለካት ደግሞ ይቻላል። በለንደን ሲቲ ዩኒቨርሲቲ የተሠራውና የእንግሊዝ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2009 ጥናቱን ያወጣለት የኮምፒውተር ምርመራ የጉድለቱን መጠን ይለካል፤ ያንን መብራት እንደማንኛውም አብራሪ የሚለየውን ከማይለየው ያበጥራል። አሜሪካም ከ2025 መባቻ ጀምሮ አዲስ አመልካቾችን በኮምፒውተር መመርመር ጀምራለች።

ስለዚህ ጥያቄው «ዓይኑ እንደ እኛ ነው?» አይደለም፤ «ቀዩን መብራት በጊዜ ያውቀዋል?» ነው። የሚያውቀውን የሚከለክል ደንብ ግፍ ነው። የማያውቀውን የሚያሳልፍ ቸርነትም ዋጋው የሚከፈለው ከኋላ በተቀመጡት ሰዎች ሕይወት ነው።