ጁሙዓ ሲሆን የሚበዛ፣ ሌሊት ሲሆን የሚጠፋ ፖሊስ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



አንድ ማክሰኞ ሌሊት ሌቦች የመድረሳችንን ቁልፍ ሰብረው ምንጣፉንና የድምፅ ማጉያውን ወሰዱ። በነጋታው ከሰፈሩ አባቶች ጋር ሆነን ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ተረኛው ፖሊስ በትሕትና ነበር ያስተናገደን። ቃላችንን ጻፈና፣ «ኡስታዝ፣ ምን ላድርግ? የሰው እጥረት አለብን፤ መኪናውም ለሌላ ሥራ ወጥቷል» አለን። አምነነው ተመለስን። እስካሁን ድረስ የተሰረቀውን ንብረት ብሎ የመጣ ሰው የለም።

በዚያው ሳምንት ጁሙዓ ዕለት ከሰላት ስንወጣ መስጊዱ በር ላይ ፖሊስ የጫኑ ሁለት ኦራሎች ቆመው አገኘን። ዱላና ጋሻ የያዙት ፖሊሶች በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፈዋል። ከመካከላቸው አንዱ ከአሊፍ ጀምሮ እስከ ጁዝ ዐማ ያስቀራሁት ተማሪዬ ነበር። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። እሱ ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዞረ፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። ሰላምታ እንኳ አልተለዋወጥንም። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ሰላምታ ነው።

ማክሰኞ ሌሊት የጠፋው የሰው ኃይል ጁሙዓ ቀን ከየት መጣ? ፖሊስ ያነሰን በቁጥር ከሆነ ጁሙዓም ማነስ ነበረበት። ችግሩ ያለው ከምደባው ላይ ነው። ያለው ፖሊስ የሚመደበው ሕዝቡ ከሚፈራው ነገር ተነስቶ ነው ወይስ አለቆች ከሚፈሩት? ሕዝቡ የሚፈራው ሌባውን፣ ቀማኛውን፣ በጨለማ ከሥራ የምትመለስ ልጁን የሚተናኮለውን ነው። አለቆች የሚፈሩት ደግሞ እጁን አንስቶ ድምፄ ይሰማ የሚለውን ሰጋጅ ከሆነ፣ ፖሊሱ በሙሉ ወደ መስጊድ በር ይሄዳል፤ ሰፈሩም ለሌባ ይቀራል። በዚህ የሚጎዳው ሙስሊሙ ብቻ አይደለም። የክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ሱቅ በዚያው ሌሊት ጠባቂ አጥቶ ያድራል።

በእርግጥ ሰው በብዛት በሚሰበሰብበት ቦታ ፖሊስ አያስፈልግም አልልም። በዒድ ቀን ስታዲየም ሞልቶ ሕዝቡ መንገድ ላይ ሲሰግድ መኪናውን የሚመልስ፣ የጠፋ ሕፃን የሚያገናኝ፣ አምቡላንስ የሚያሳልፍ ፖሊስ ያስፈልጋል። እንዲህ ላለው ፖሊስ ዱዓ እናደርጋለን። ነገር ግን ጀርባውን ለሰጋጁ ሰጥቶ መንገዱን የሚጠብቅና ፊቱን ወደ ሰጋጁ አዙሮ ዱላ የሚወዘውዝ አንድ አይደሉም። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የሃይማኖት ነፃነትን፣ በአንቀጽ 30 መሣሪያ ሳይዙ በሰላም የመሰብሰብ መብትን ደንግጓል። የፌዴራል ፖሊስም እንዲቋቋም የደነገገው ይኸው ሕገ መንግሥት ነው። ስለዚህ ፖሊሱ የተቀጠረው መብታችንን ሊጠብቅ ነው፤ ደመወዙም ከነጋዴውና ከሠራተኛው ግብር ላይ ነው የሚወጣው።

ከምደባው ቀጥሎ የምልመላው ጉዳይ አለ። በ1999 በተደረገው ቆጠራ መሠረት ከሀገሪቱ ሕዝብ 33.9 በመቶው ሙስሊም ነው። ከፖሊሱ፣ በተለይም ትእዛዝ ከሚሰጡት መኮንኖች መካከል፣ ስንቱ ሙስሊም እንደሆነ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። ሴት ተማሪዎቼን «ፖሊስ መሆን የምትፈልግ አለች?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ሒጃቤን አውልቄ?» ብለው ይስቃሉ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1979 ለሕግ አስከባሪዎች የሥነ ምግባር ደንብ ሲያጸድቅ፣ ማንኛውም የሕግ አስከባሪ ተቋም መላውን ኅብረተሰብ የሚወክልና ለእርሱም ተጠያቂ የሆነ መሆን እንዳለበት አስታውቋል። ከአንድ ማኅበረሰብ የወጣ ፖሊስ የሌለበት ኃይል ያንን ማኅበረሰብ በወሬ ብቻ ነው የሚያውቀው። በወሬ የሚያውቁትን ሰው ደግሞ መፍራትም መምታትም ይቀላል።

ይህን ችግር ያዩ ሌሎች ሕዝቦች አሉ። በሰሜን አየርላንድ ካቶሊኮች ከሕዝቡ ከ40 በመቶ በላይ ሆነው ሳለ፣ በፖሊስ ኃይሉ ውስጥ የነበራቸው ድርሻ ግን 8 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ፖሊስ የገባ ካቶሊክ በታጣቂዎች የመገደል ሥጋት ነበረበት፤ በሰፈሩም እንደ ከዳተኛ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የሰላም ስምምነት ሲደረግ ፖሊሱን የሚመረምር ኮሚሽን ተቋቋመ። ከ2001 ጀምሮም ምልመላው ከካቶሊክ ግማሽ፣ ከሌላው ግማሽ እንዲሆን በሕግ ተወሰነ። ሕጉ በ2011 ሲያበቃ የካቶሊኮቹ ድርሻ ወደ 30 በመቶ ደርሶ ነበር። ከምልመላው ጎን ለጎን በፖሊስ ላይ የሚቀርብን አቤቱታ የሚመረምር ገለልተኛ ቢሮ ተከፍቷል። ቁጥር ያለ ተጠያቂነት ብቻውን አይበቃምና። ኮሚሽኑ ለመንግሥት ብቻ አልነበረም ምክር የሰጠው። ለቄሶችና ለመምህራን ጭምር፣ ልጆቻችሁ ፖሊስ እንዳይሆኑ የሚያግዳቸውን ነገር አንሱ ብሏቸው ነበር።

ይህቺኛዋ ምክር እኔን አንገቴን አስደፍታኛለች። ያ ተማሪዬ የምልመላውን ማስታወቂያ ይዞ ሊያማክረኝ መጥቶ ነበር። «ኡስታዝ፣ ምን ይሉኛል?» ሲለኝ፣ «እዚያ ምን ልትሠራ?» ብዬ ሸኘሁት። መካሪ ሳያገኝ ሄደ። ከተመረቀ በኋላ ሰርግም ሆነ ሐዘን የጠራው የለም። ጆሮ ጠቢ ይሆንብናል ብለን ፈራን። ፍርሃቱ መሠረት አለው። ቤቱን የበረበሩት፣ ልጁን የወሰዱበት ሰው ስለ ደንብ ልብስ በጎ አስብ ቢሉት አይዋጥለትም። ይሁን እንጂ ልጁን ከመካከላችን ስናስወጣ ለማን ተውነው? ዱላ አንሳ የሚለውን የአለቃውን ድምፅ ብቻ እየሰማ እንዲያድር ተውነው። በአላህ አመፅ ውስጥ ለፍጡር መታዘዝ እንደሌለ ያስተማርነው እኛ ነበርን፤ ይህን የሚያስታውሰው ሰው ግን ነፈግነው። በሱረቱል ማኢዳህ የሰዎች ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያስወጣን ታዘናል። ትእዛዙ ለፖሊሱ ብቻ ሳይሆን ለእኛም ነው።

አሚሩል ሙእሚኒን ዑመር (ረ.ዐ.) በሌሊት የመዲናን መንገዶች ይዞሩ እንደነበር ለልጆች እናስተምራለን። ይዞሩ የነበረው የተራበ ወይም የተጨነቀ ሰው እንዳለ ለማየት ነበር። የፖሊስ ሥራ በዲናችን የተናቀ ሥራ እንዳልሆነ ይህ ብቻ ይበቃል።

ስለዚህ በሰላማዊ ትግላችን ውስጥ እነዚህም ይነሱ እላለሁ። ፖሊስ ወንጀል ባለበትና ሕዝብ በሚጨነቅበት ሰዓት ይመደብ። በመስጊድ በር የሚቆም ካለ አለ አግባብ ለመታው ሰው የሚጠየቅ፣ ስሙና መለያ ቁጥሩ የሚታይ ይሁን። የምልመላው ቁጥር ለሕዝብ ይገለጽ። ልጃችን ሰላቱን ሳያጓድል፣ እኅታችን ሒጃቧን ሳታወልቅ የሚያገለግሉበት ደንብ ይውጣ። እኛም በበኩላችን ደንብ ልብስ የለበሰውን ልጃችንን ከጀምዓው አናስወጣው፤ ሲያጠፋ እንምከረው፣ በሕግም እንጠይቀው፤ ሲያለማ እናመስግነው።

በሚቀጥለው ጁሙዓ ኢንሻአላህ ያ ተማሪዬ እዚያው ቆሞ ካገኘሁት አንገቴን አልደፋም። አሰላሙ ዓለይኩም እለዋለሁ። አለቃው ፊት መመለስ ቢያቅተው በልቡ ይመልሳል። ዱላ አንሳ በተባለ ቀን ያቺ ሰላምታ እጁን ትይዘው ይሆናል።

አላህ ሀገራችንን ሰላም፣ ጠባቂዎቿንም ፍትሐዊ ያድርግልን። አሚን።