ሕጻናትን የሚያድን ባለሙያ ብቻውን አይተው



በደቡብ ኦሞ ሕጻን ተጎዳ በተባለ ቁጥር «የሚመለከተው አካል የት ነበር?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። እኔ በሳላማጎ ወረዳ፣ ሃና ከተማ የማስተምር ሰው ነኝ። «የሚመለከተው አካል» እዚህ ማለት በወረዳው ጽሕፈት ቤት የተመደቡ፣ በጣት የሚቆጠሩ የሕጻናት ደህንነት ባለሙያዎችና በየቀበሌው በበጎ ፈቃድ የሚያግዟቸው ሰዎች ናቸው። ሕጻናቱን ለምን አላዳኑም ብለን ከመውቀሳችን በፊት፣ እኛ ለእነሱ ምን አደረግንላቸው ብለን እንጠይቅ። እኔ የማየው ብቻቸውን እንደተውናቸው ነው። ይህ ካልተለወጠ ሕጻናቱም አይጠበቁም።

ዞናችን ለውጥ የማይመጣበት ምድር አይደለም። በካራ፣ በሐመርና በበና ሕዝቦች ዘንድ የላይኛው ጥርሱ ቀድሞ የበቀለ፣ መንታ ሆኖ የተወለደ ወይም እናቱ ከደንቡ ውጭ ያረገዘችው ሕጻን «ሚንጊ» ይባላል፤ መዓት ያመጣል ተብሎም እንዲሞት ይደረግ ነበር። የካራ ሽማግሌዎች ይህን ልማድ በሐምሌ 2004 ዓ.ም. በይፋ አስቀርተዋል። ይህ ፖሊስ ብቻውን ሊያመጣው የሚችለው ለውጥ አልነበረም። ላሌ ላቡኮን የመሰሉ የካራ ልጆች ተምረው ተመለሱ፤ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠው ለዓመታት መከሩ፤ ከሞት የተረፉትን ሕጻናት ደግሞ ጂንካ በተከፈተ ቤት አሳደጉ። ምክሩ ብቻውን ዛሬ ሌሊት የሚወለደውን ሕጻን አያተርፍም፤ ቤቱም ብቻውን ልማዱን አያስቀርም። ሥራው የሰመረው ሁለቱ አብረው ስለሄዱ ነው።

ባለሙያዎቻችን የሌላቸው እነዚህኑ ሁለት ነገሮች ነው፦ ለምክር የሚሆን ጊዜና ለሕጻናቱ መጠለያ። ሥራቸው የሚለካው በሩብ ዓመት ሪፖርት ነው፤ ስንት ሰው ግንዛቤ አገኘ፣ ስንት ያለ ዕድሜ ጋብቻ ቆመ ይባላል። ሽማግሌ ግን በሩብ ዓመት አይመከርም። አደጋ ላይ ያለች ልጅ ከቤቷ ብትወጣስ ማን ጋ ታድራለች? ማቆያ በሌለበት ባለሙያዋ ወይ ልጅቷን ወደሸሸችው ቤት ትመልሳታለች፣ ወይ የራሷን ቤት ትከፍታለች። ሁለተኛውን ስትመርጥ ደግሞ ከልጅቷ ቤተሰብ ጋር የሚነሳው ጠብ ወደ ቤቷ ይገባል።

ጠቡ ከአንድ አባት ጋር ብቻ ቢሆን ኖሮ በቀለለ። በእኛ አካባቢ ጋብቻ ብዙ ዘመድ የሚያስተሳስር ጉዳይ ነው። በወረዳችን የሚኖሩትን ሙርሲዎች ለአስርት ዓመታት ያጠኑት እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ዴቪድ ተርተን፣ በደንቡ ለአንዲት ሙሽራ የሚሰጠው ጥሎሽ 38 ከብት መሆኑንና ከብቱም በአባትና በእናት ወገን ላሉ ዘመዶች እንደሚከፋፈል ጽፈዋል። ከብት ለጋብቻ በሚሰጥበት አገር «ይህች ልጅ ገና ናት፣ ጋብቻው ይቅር» የሚል ባለሙያ ብዙ በረት ያናጋል። ሳላማጎ ውስጥ ደግሞ ቦዲ፣ ሙርሲ፣ ዲሜ፣ ባጫና ከኮንሶ የመጡ ሰፋሪዎች አብረው ስለሚኖሩ ባለሙያው የሁሉንም ቋንቋ አይችልም። ልጅቷን በአስተርጓሚ ሲያነጋግር አስተርጓሚው የቤተሰቡ ዘመድ ሊሆን ይችላል። ያኔ የልጅቷ ምስጢር ከእሷ ቀድሞ ቤቷ ይደርሳል፤ የጠቋሚው ስምም እንዲሁ።

«ሕግ አለ፣ ሕጉ ይከበር» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ሕግ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 የሕጻናትን መብት ደንግጓል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 648 ያለ ዕድሜ ጋብቻን ይቀጣል፤ ልጅቷ 13 ዓመት ከሞላት እስከ 3 ዓመት፣ ካልሞላት እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት። ይሁን እንጂ የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ጥበቃ የሚሰጠው ወንጀሉ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ ጽኑ እስራት ወይም በሞት የሚያስቀጣ ሲሆን ነው። ያለ ዕድሜ ጋብቻን የጠቆመ ሰው እንግዲህ ከዚህ አዋጅ ጥላ ውጭ ነው። ባለሙያው ክስ እንዲመሠረት አድርጎ፣ በማግስቱ በዚያው ገበያና በዚያው መንገድ ብቻውን ይሄዳል።

ጥፋት ሲደርስ ጣት የሚቀሰረው በታች ባለው ሠራተኛ ላይ መሆኑ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 ለንደን ውስጥ ቪክቶሪያ ክሊምቢዬ የተባለች የ8 ዓመት ልጅ በአሳዳጊዎቿ ተሰቃይታ ስትሞት፣ መጀመሪያ ጣት የተቀሰረው ጉዳዩን በያዘችው የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ላይ ነበር። በሎርድ ላሚንግ የተመራውና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው ምርመራ ግን ሠራተኛዋ ከተፈቀደው በላይ ጉዳይ ተጭኖባት እንደነበር ገለጸ፤ በላይ ያሉ ኃላፊዎችንም አጥብቆ ወቀሰ። እኛ ይህን ለመማር የልጅ ሬሳ መጠበቅ የለብንም።

ድሀ አገር ይህን አይችልም እንዳይባል፣ ችለን አይተናል። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም መንግሥት በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሠራተኞችን አሠልጥኖ፣ ደመወዝ ቆርጦ መድቧል። እናቶችና ሕጻናት ምን ያህል እንደተጠቀሙ ሁላችንም እናውቃለን። ለሕጻናት ደህንነትም ተመሳሳይ ነገር ይደረግ። የቀበሌው ሠራተኛ ከዚያው ማኅበረሰብ የወጣ፣ ቋንቋውን የሚናገር፣ የሠለጠነና ደመወዝተኛ ይሁን። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሃና ላይ ለአደጋ ጊዜ ማቆያ ይክፈት። ዞኑ ለባለሙያዎቹ መጓጓዣ ይመድብ፤ ዛቻ የደረሰበትም ወዲያው ሌላ ቦታ የሚዛወርበትን አሠራር ያብጅ። ያዩትን መከራ የሚያካፍሉት አማካሪም ያግኙ። የሕዝብ እንደራሴዎች ደግሞ የጠቋሚዎች ጥበቃ በሕጻናት ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎችን በሙሉ እንዲሸፍን ሕጉን ያሻሽሉ።

እናንተ ጋዜጠኞችም ከእንግዲህ ስለተጎዳ ሕጻን ስትዘግቡ፣ ጉዳዩን የያዘው ባለሙያ ስንት ቀበሌ እንደሚሸፍን፣ በምን እንደሚጓዝና ልጁን የት ሊያሳድረው ይችል እንደነበር አብራችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም ከበጀት ያዢዎቹ ተቀበሉ።


አንድ መምህር፣ ከሃና፣ ደቡብ ኦሞ