«ድርጅቱ ኃላፊነት አይወስድም»

በትርጉም ሥራ የሚተዳደር ሰው ቃላት መቁጠር ይለምዳል። ከጦርነቱ በፊት በነበረ አንድ በጋ፣ እንግዶችን ወደ ዱር እየመራ የሚወስድ አንድ አስጎብኚ ድርጅት የውል ቅጹን ከዐረብኛ ወደ አማርኛ እንድመልስለት ሰጥቶኝ ነበር። በሁለት ገጽ ውስጥ «ኃላፊነት» የሚለው ቃል አምስት ጊዜ ሰፍሯል፤ አምስቱንም ጊዜ «አይወስድም» ይከተለዋል። መኪና ቢበላሽ፣ ዕቃ ቢጠፋ፣ ጎርፍ መንገድ ቢዘጋ፣ እባብ ቢነድፍ፣ አውሬ ጉዳት ቢያደርስ ድርጅቱ ኃላፊነት አይወስድም። እንግዳው በአውሬው፣ በሣሩና በውሃው ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ግን አንድም መስመር አልነበረም። ተርጓሚ ያልተጻፈውን አይጨምርምና ያለውን ተርጉሜ ሰጠሁ። ያን ጊዜ ያልጨመርሁትን ዛሬ በዚህ ገጽ ልጨምር።

ክርክሬ አጭር ነው። ሰውን ለመዝናኛ ወደ ዱር የሚመራና ለዚህም ገንዘብ የሚቀበል ሁሉ፣ ስለ እንግዳው ደኅንነት እንደሚጠየቅ ሁሉ እንግዳው ስለሚረግጠው መሬትም መጠየቅ አለበት። የዐረብኛው «መስኡሊያ» የሚወጣው «ጠየቀ» ከሚለው ግሥ ነው፤ የእኛም «ተጠያቂነት» እንዲሁ። በሁለቱም ቋንቋ ኃላፊ ማለት ሲጠየቅ መልስ ያለበት ሰው ነው። በዱር ጉብኝት ግን የሚጠየቀው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል።

እንደሚታወቀው በአካባቢያችን ትልቁ የዱር ሀብት ዲንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ተከለለ፤ በ1979 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ገባ፤ በ2005 ደግሞ በራምሳር ስምምነት ከተመዘገቡት ረግረጋማ ሥፍራዎች አንዱ ሆነ። ወደ 10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ስፋቱ የሰናርን፣ የገዳሪፍንና የብሉ ናይልን ግዛቶች ይነካል። ድንበሩን ወደ ምሥራቅ ሲሻገሩ በቋራ ምድር በ1998 ዓ.ም. የተቋቋመው አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ይቀበላል። የቋራ ወረዳ ዋና ከተማ ገለጉ ይባላል፤ በዲንደር ውስጥ እንግዶች የሚያርፉበት ዋናው ሰፈርም ገለጉ ነው። እኛ ሽንፋ የምንለው ወንዝ ድንበር ሲያልፍ ራሃድ ይባላል። ስሙ ቢለወጥም ውሃው ያው ነው፤ አውሬውም መስመሩን አያውቀውም።

እነዚህ ወንዞች ዓመቱን ሙሉ አይፈሱም። ክረምት ከደጋው ጎርፍ ሲወርድ ይሞላሉ፤ በጋ ሲገባ ይቆራረጡና ኩሬ ኩሬ ይዘው ይቀራሉ። ወንዙ በድሮ ዘመን ትቶት የሄደው ጠመዝማዛ መውረጃ ደግሞ ጎርፉን ተቀብሎ ያቆራል፤ የአገሩ ሰዎች «ማያ» ይሉታል። በመጋቢትና በሚያዝያ ምድሩ እንደ ምጣድ ሲግል ለምለም ሣርና ውሃ የሚገኘው በማያዎቹ ነው። ቦሆሩ፣ ደፈርሳው፣ ጎሹ፣ ከርከሮው፣ እነርሱን የሚከተለው አንበሳም ወደዚያ ይወርዳል። በክረምት ጭቃው መኪና ስለማያሳልፍ እንግዳም የሚመጣው በዚሁ በበጋ ነው። እንግዲህ ነገሩን እናስተውል፤ ጎብኚው የሚደርሰው አውሬው ሌላ መሄጃ ባጣበት ወር፣ ሌላ መጠጫ ወደሌለበት ቦታ ነው።

ያየሁትን ልናገር። ከዚያው ድርጅት ጋር በአስተርጓሚነት በሄድሁበት ጉዞ አንድ ማለዳ ማያ ዳር ደረስን። አባ ኮዳና ፔሊካን ውሃውን ሞልተውታል። አንዱ እንግዳ ሲበሩ ፎቶግራፍ ማንሣት ፈለገ፤ ሾፌሩ መኪናውን እስከ ውሃው ጠርዝ ነድቶ ጥሩምባውን ነፋ። ወፎቹ ተነሡ፤ ሊጠጡ የወረዱት ቦሆሮችም ሳይጠጡ ተመለሱ። ሁሉም አጨበጨበ። በዚያው ምሽት ከፓርኩ ውጭ በራሃድ ዳር አድረን፣ ጠልህ ከሚባለው ግራር ሁለት እርጥብ ግንድ ተቆርጦ እሳት ነደደ። ብርዱ እሳት የሚያስፈልግ አልነበረም፤ እሳቱ ለጨዋታ ነበር። ሲነጋ አንድ ሽማግሌ በአህያ ደረቅ እንጨት ጭነው ሲያልፉ አስጎብኚው አስቆማቸውና በእንግዶቹ ፊት «ደኑን የጨረሳችሁት እናንተ ናችሁ» ብሎ ገሠጻቸው። እንግዶቹ «ልክ ነው፣ ልክ ነው» አሉ፤ እኔም ይህንኑ ወደ ዐረብኛ መለስሁላቸው። አመዳችን ገና ይጨስ ነበር። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ማለት ይኸው ነው። ሽማግሌው አንድ ቃል አልመለሱም፤ አመዱን አይተው አህያቸውን ነዱ።

ይህ የአንድ ድርጅት ብልግና ብቻ ቢሆን ብዕር ባላነሣሁ ነበር። ልማዱ ግን የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1862 በአትባራ፣ በሰቲት፣ በራሃድና በዲንደር ዳር እየተዘዋወረ ሲያድን፣ መንገዱንም አውሬውንም ያሳዩት የነበሩት ሐምራን የተባሉት ባለ ሰይፍ ዐረብ አዳኞች ነበሩ። እርሱ በ1867 መጽሐፉን አሳትሞ ዝናን አተረፈ። በሰቲት ዳር ያደነው አውራሪስ ዛሬ በዚያ የለም። ቤከር ብቻውን አጠፋው አልልም። ነገር ግን የሚመራው የአገሬው ሰው፣ የሚደሰተው እንግዳው፣ የሚጎዳው መሬቱ የሆነበት ውል ከዚያ ዘመን ጀምሮ እምብዛም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጠመንጃው በካሜራ መተካቱ ነው።

የአገሬው ሰው ዕውቀት እንዴት እንደሚታይ ሌላም ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ በአልጣሽ የተጠመዱ ካሜራዎች አንበሶችን ባነሡ ጊዜ «የማይታወቁ አንበሶች ተገኙ» የሚል ዜና በዓለም ዙሪያ ተሠራጨ። ለማን ነው የማይታወቁት? የቋራ ከብት ጠባቂ ሌሊት ድምፃቸውን እየሰማ በረቱን ሲያጥር የኖረ ነው። አጥኚዎቹ በአልጣሽና በዲንደር በአንድነት ከ100 እስከ 200 አንበሳ ሊኖር እንደሚችል መገመታቸው ትልቅ ሥራ ነው፤ አመሰግናለሁ። ይሁንና መሬቱን የሚያውቀው ሰው በጉብኝቱ ውስጥ ያለው ድርሻ ጓዝ መሸከምና ጣት መጠቆም ብቻ ሆኖ መቅረቱ ያሳዝናል። «ከዚህ አትለፉ» የማለት ሥልጣን የሌለው መሪ መሪ አይባልም።

ሦስት መቃወሚያዎች እንደሚነሡብኝ አውቃለሁ።

አንደኛው «ጥቂት መኪናዎች ምን ያህል ይጎዳሉ? ምድሩን የጨረሰው ትራክተር አይደለምን?» የሚል ነው። እውነት አለው። በገዳሪፍ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ለጦር ሠራዊት ቀለብ ተብሎ የተጀመረው የማሽላ ሜካናይዝድ እርሻ የዘላኑን ግጦሽና አውሬው በክረምት የሚወጣበትን ሜዳ በልቷል። ነገር ግን የትልቁ በደል መኖር ለትንሹ ፈቃድ አይሆንም። ገበሬው እህል ፍለጋ መጣ ይባል፤ ጎብኚው ግን ዱሩን ወድጄ መጣሁ ይላል። ወድጄ ያለ ሰው የሚያመካኝበት የለውም።

ሁለተኛው «ደንብ ካበዛን እንግዳው ይሸሻል» የሚል ነው። የሰሜን ተራሮችን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተጻፈ፤ ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው። በደንቡ ጎብኚ ያለ ጠባቂ ስካውት አይገባም፤ ይህ ደንብ እንግዳ አላባረረም። የሚቆረቁረኝ ግን ሌላ ነው። ፓርኩን ለማዳን የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 ከቀያቸው ተነሥተዋል፤ በግጭ ያለው የጎብኚዎች የድንኳን ሰፈር ግን ቀርቷል። ገበሬው ተጠይቆ የሰጠው መልስ ቤቱን ነው። ከእንግዳው የተጠየቀው ምንድን ነው?

ሦስተኛው መቃወሚያ ከሁሉ ይከብዳል። «ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሱዳን በጦርነት ስትነድ፣ ገዳሪፍ በተፈናቃይ ስትጨናነቅ፣ የአማራ ክልልም ሰላም ሲያጣ፣ ስለ ሽርሽር ማውራት ቅንጦት አይደለም?» ይሉኛል። የተቸገረ ሰው እንጨት የሚቆርጠው ድስቱ እንዲፈላ ነው፤ እርሱን ልወቅስ አልተነሣሁም። የምናገረው ያልተቸገረው ስለሚቆርጠው ነው። ሰላም ሲመለስ ሥራ ያጣ ሁሉ መኪና ተከራይቶ አስጎብኚ እሆናለሁ ማለቱ አይቀርም፤ መጀመሪያ የገባው መኪና ያወጣው መንገድም ለተከታዮቹ ሁሉ መንገድ ይሆናል። ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ ነውና ደንቡ ከመኪናው መቅደም አለበት።

ደንቡም ረጅም መሆን የለበትም። አስጎብኚው የሚያበስልበትን ጋዝ ከከተማ ይዞ ይምጣ፤ ከሰልም ከዚያው ግራር የሚከሰል ነውና ማካካሻ አይሆንም። የገባው ፕላስቲክ በመግቢያው ተቆጥሮ ሲወጣ እንደገና ይቆጠር፤ ማያ ዳር የተጣለ ጠርሙስ ክረምት ሲመጣ በዲንደር ወርዶ ከጥቁር ዓባይ ይደርሳል፤ ያም የብዙ ሰው የመጠጥ ውሃ ነው። መኪና ከማያው ርቆ ይቁም፤ እንግዳው በእግሩ፣ በዝምታ ይጠጋ። ከራሃድ ዳር መንደሮች የተመረጠ መሪ ጉዞውን የማስቆም ሥልጣን በጽሑፍ ይሰጠው፤ ከክፍያውም ለመንደሩ የሚደርሰው ድርሻ በውሉ ይጻፍ። በዲንደር የተከለከለው በአልጣሽም ይከልከል።

እኛስ? በበዓል ቀን ተሰባስበን፣ መኪና ተኮናትረን ወንዝ ዳር የምንወርድ ሁሉ ውሉን ሳናነብ እንፈርማለን፤ ቆሻሻችንን ትተን እንመለሳለን። ከፋዩ እኛ ስንሆን የመጠየቅ መብቱም ግዴታውም የእኛ ነው።

እኔ በበኩሌ ወስኛለሁ። እንዲህ ያለ ቅጽ እንደገና ቢመጣልኝ፣ ከአምስቱ «አይወስድም» በታች «ለመሬቱና ለውሃው ግን ኃላፊነት ይወስዳል» የሚል አንድ መስመር እስኪጻፍበት ድረስ ሳልተረጉም እመልሰዋለሁ። ገንዘቡ ይቀርብኛል። የዚያ ማለዳ «ልክ ነው» ግን በእኔ አፍ የተነገረ ነውና፣ ለሽማግሌው ያለብኝ መልስ ይህ ነው።